ጋሼ ይቅርታ የጠየቁበት ስህተት

በመሥሪያ ቤቱ መብረቅ ነበር የሚሏት። ስሙን ማን እንዳወጣላት የሚያስታውስ የለም፤ ሌላው ሰው ሳምንት የሚለፋበትን ሥራ እሷ ትናንት ተቀብላ ዛሬ ስለምታስረክብ ግን ልክክ አለላት። እሷም አልጠላችውም። እንዲያውም አዲስ ሠራተኛ መጥቶ በእውነተኛ ስሟ ሲጠራት፣ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት ዞር ብላ ታይ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ ለሆስፒታሎች የሚሆን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሠራል። ኮምፒዩተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሣው፣ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ ተሸክሞ የሚውለው ሶፍትዌር ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ፋይሎችን የሚያስቀምጠውና ሲፈለጉ የሚያወጣው ክፍል በመብረቅ እጅ ነበር። ከእሷ በፊት የጋሼ ነበር። ጋሼ ያን ክፍል ከባዶ ተነሥተው የጻፉ፣ መብረቅንም ገና ከትምህርት ቤት እንደወጣች አጠገባቸው አስቀምጠው ሥራውን ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡም ረጅም ንግግር አላደረጉም። "ልጄ፣ አደራ" ብለዋት መነጽራቸውን ኪሳቸው ከትተው ወጡ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የራጅ ክፍል ነው። ኮምፒዩተሮቹ ቀጥ ይሉ ጀመር። ተበላሹ እንዳይባል ስክሪኑ እንደበራ ነው፣ ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ይቆጥራል። አንድ ፋይል ክፈት ሲሉት ግን "እሺ፣ ልከፍት ነው" እንዳለ ይቀራል። ሐኪሙ የታካሚውን ምስል ይጠብቃል፣ ታካሚው የተሰበረ እጁን ታቅፎ ሐኪሙን ይጠብቃል፣ ኮምፒዩተሩ ምን እንደሚጠብቅ ደግሞ ማንም አያውቅም። አጥፍተው ሲያበሩት ምንም እንዳልተፈጠረ ይሠራል። አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ ደኅና ይሰነብታል፤ በቃ ተሻለው ሲባል እንደገና ቀጥ።

መብረቅ ከሆስፒታሉ የተላከላትን መረጃ ከፈተች። ኮምፒዩተሩ ቀጥ ባለበት ሰዓት የትኛው ሥራ የትኛው የኮድ መስመር ላይ ተገትሮ እንደነበር የሚያሳይ ረጅም ዝርዝር ነው። ሥራዎቹ የቆሙት ቁልፍ በመጠበቅ ነበር። አንድ ፎልደር ውስጥ መግባት የፈለገ ሥራ ሁሉ መጀመሪያ የፎልደሩን ቁልፍ ይይዛል፣ ሲጨርስ ይለቃል፣ ሌላው እስኪለቀቅለት ተራውን ይጠብቃል። እዚህ ቁልፉ አልተለቀቀም። ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለው የኮድ መስመር ጋሼ የጻፉት ነበር። ከሱ በታች ያላነበበችው ብዙ ቀርቷል፤ ግን ስብሰባው ሊጀመር ነው፣ መብረቅም ስብሰባ ላይ መልስ ይዛ መግባት ለምዳለች።

"እና የማን ኮድ ነው?" አላት ሥራ አስኪያጁ።

"የጋሼ ነው።"

ውሸት አልነበረም፤ መስመሩ የጋሼ ነው። ግን "የጋሼ ነው" ስትል ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ለቀቀ። እዚህ ከተቀመጡት መካከል የማንም አይደለም ማለት ነዋ። ሥራ አስኪያጁም ስልኩን አንሥቶ እዚያው ደወለላቸው።

ጋሼ በማግስቱ መጡ። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ ፀጉራቸውን ተቆርጠው። ማንነታቸውን የማያውቅ አንድ ወጣት ሠራተኛ "ማንን ፈልገው ነው አባባ?" ብሎ በር ላይ አቆማቸው። መብረቅ አይታ ሮጣ ሄደችና ጉንጫቸውን ሳመች። ዓይናቸው ስክሪን ላይ ብዙ ስለማይቆይ እሳቸው የጻፉት ኮድ በወረቀት ታተመላቸው፤ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ተሰጣቸው፤ በእርሳስ እያሰመሩ የራሳቸውን ሥራ እንደ ሰው ሥራ ያነቡ ጀመር። ለምሳ አይነሡም። እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ እየደወሉ "በላ?" ብለው መብረቅን ይጠይቃሉ። "በልተዋል እትዬ" ትላለች፤ አንዳንዴ አልበሉም ነበር።

አንድ ጠዋት ጋሼ እርሳሳቸውን አስቀመጡ።

"ልጄ፣ እስቲ ነይ።"

ሄደች። ከወረቀቱ ላይ አንድ ቦታ አሳዩዋት። ኮዱ ቁልፉን እንደያዘ ዲስኩ ጽፎ እስኪጨርስ የሚጠብቅበት ቦታ ነው።

"እዚህ ላይ ቁልፉን መልቀቅ ነበረብኝ። ዲስኩ ከዘገየ ሁሉም ይዘገያል። እንዴት ሳላየው ቀረሁ?"

መብረቅ አየችው። መዘግየትን ያመጣል፤ ለዘለዓለም መቆምን ግን አያመጣም። ይህ በአእምሮዋ ብልጭ ብሎ ነበር። ግን ጋሼ ናቸው የሚሉት፣ ኮዱም የሳቸው ነው። እሷ ማን ሆና ነው? እንዲህ ብላ ለራሷ ትሕትና አስመሰለችውና ዝም አለች።

ከሰዓት በኋላ የራጅ ክፍሉ ኃላፊ፣ ጠና ያለች ሴት፣ ለስብሰባ መጣች። ሥራ አስኪያጁ መንስኤው መገኘቱን አበሠራት። ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። እንዲነሡ ማንም አልጠየቃቸውም።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። "ስጽፈው ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም። ታካሚዎቻችሁን ስላጉላላሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።"

እና ጎንበስ አሉ። ኃላፊዋ "ኧረ ምንም አይደል" አለች። ሥራ አስኪያጁ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ፣ ሕፃን ልጅ በሚያባብሉበት ድምፅ፣ "ጋሼ፣ አይጨነቁ፣ በእድሜ የሚመጣ ነው" አላቸው። ኮዱን ሲጽፉ ዛሬ መብረቅ ካለችበት እድሜ ያነሰ እድሜ ላይ ነበሩ፤ ግን ማንም ይህን አላለም። መብረቅም አላለችም።

ጋሼ ያሳዩት የኮድ ቦታ ተስተካከለ፣ ተላከ፣ ሆስፒታሉ ኮምፒዩተሮች ላይ ተጫነ። ጋሼ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ኮምፒዩተሮቹ ትንሽ ሰነበቱና እንደገና ቀጥ አሉ።

በዚህ ጊዜ መብረቅ ራሷ ሄደች። "እንዳታጠፉት፣ እንዳለ ተዉልኝ" ብላ በስልክ አስጠንቅቃ፣ በታክሲ በረረች። የራጅ ክፍሉ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ሰዎች ተደርድረዋል፤ አንዲት እናት የልጇን እግር ጭኗ ላይ አሳርፋ ታራግብላታለች። መብረቅ አንገቷን ደፍታ በመካከላቸው አለፈችና ከቆመው ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጠች።

አሁን የሚያጣድፍ ስብሰባ የለም። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች፣ አንድ በአንድ አነበበች። የቆሙት ብዙ ቢመስሉም ሁለቱ ናቸው ሌላውን ሁሉ ያስቆሙት። አንደኛው አንድ ባለሙያ የታካሚ ፎልደር ሲከፍት የተጀመረ ሥራ ነው፤ የላይኛውን ፎልደር ቁልፍ ይዞ በውስጡ ያለውን የታችኛውን ፎልደር ቁልፍ ይጠብቃል። ሁለተኛው አሮጌ ምስሎችን ወደ ማኅደር የሚያዛውረው ሥራ ነው፤ እሱ ደግሞ የታችኛውን ይዞ የላይኛውን ይጠብቃል። አንዱ የሌላውን ይዟል፣ ማንም አይለቅም። ኮምፒዩተሩ እስኪጠፋ ድረስ እንዲህ ተፋጠው ይኖራሉ።

የመጀመሪያው የጋሼ ኮድ ነው፤ የላይኛውን አስቀድሞ መያዙ ትክክል ነው። ሁለተኛው፣ ቅደም ተከተሉን የገለበጠው፣ የራሷ ነው።

ወዲያው አስታወሰችው። ፋይል ማዛወር ይዘገያል ተብሎ እሷ ያፈጠነችው ነው። የታችኛው ፎልደር አስቀድሞ ተከፍቶ ከሆነ የሱን ቁልፍ ቀድሞ ቢይዝ ጊዜ ይተርፋል ብላ ለወጠችው። እውነትም ፈጥኖ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ ተጨብጭቦላታል።

መስመሩን ደግማ አነበበችው። ኃላፊዋ ከኋላዋ መጥታ ቆማለች።

"አገኘሽው እህቴ?"

"ገና ነው" አለች መብረቅ። ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነበር፤ ከወጣ በኋላ ግን አልመለሰችውም።

"ያው የሽማግሌው ነው አይደል? ሲያሳዝኑኝ ነው የሰነበቱት።"

መብረቅ ኮምፒዩተሩን አጥፍታ አበራች። ሠራ። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ሐሙስ ነበር።

ዓርብ ዕለት ለሥራ አስኪያጁ "እያየሁት ነው" አለችው። ሐሳቧ እንዲህ ነበር፤ ቅደም ተከተሉን በጸጥታ ትመልሰዋለች፣ ከሌላ ማስተካከያ ጋር ቀላቅላ ትልከዋለች፣ ነገሩ ይበርዳል፣ ከዚያ አንድ ቀን፣ አመቺ ቀን ሲመጣ፣ ለጋሼ ለብቻቸው ትነግራቸዋለች። አመቺ ቀን የሚባለው ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ ራሷን አልጠየቀችም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልብሷን እያሰጣች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ጋሼ ናቸው።

"ልጄ፣ ደግሞ ቆመ አሉኝ። እኔም እያሰብኩበት ነበር። ሌላም ቦታ ሳልሳሳት አልቀርም። ወረቀቱን ይዤ መጥቻለሁ ቤት፣ እንደገና ከመጀመሪያው እያየሁት ነው። እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል።"

መብረቅ እርጥብ ሸሚዝ በእጇ ይዛ ቆመች። ውሃው እግሯ ላይ ይንጠባጠባል። አሁን ነው፣ አሁን ንገሪያቸው አለች በልቧ።

"ጋሼ፣ ይረፉ እንጂ" አለች። "አይድከሙ። እኛ እናየዋለን።"

"ጥፋቱ የኔ ሆኖ እንዴት አርፋለሁ?"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ መብረቅ የቀረውን ልብስ አላሰጣችም። ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ያን ጊዜ የተሰማት ሐፍረት ሐሙስ ዕለት ከተሰማት ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ሐሙስ ያፈረችው በስህተቷ ነው፤ ስህተት ደግሞ ማንም ይሠራል። ቅዳሜ ያፈረችው በራሷ ነው።

እንደዚያም ሆኖ እሑድን ዝም ብላ ዋለች። ሰኞ ጠዋት ደግሞ እትዬ ደወሉ። እትዬ ሰላምታ የሚያሳጥሩ ሰው አልነበሩም፤ የዚያን ቀን ግን አሳጠሩ።

"ስሚኝ ልጄ። ከዛሬ በኋላ እንዳትደውሉለት። አንድ ኮሌጅ በዚህ ዓመት እንዲያስተምር ጠይቆት፣ እንዴት ደስ ብሎት እንደነበር አልነግርሽም። ዛሬ ደውሎ አልችልም አላቸው። 'የራሱን ስህተት የማያይ ሰው ምን ያስተምራል' ይላል። እኔ ያንን ኮምፒዩተራችሁን አላውቅም። ባሌን ግን አውቃለሁ። በቃ ተዉት።"

መብረቅ "እትዬ፣ እመጣለሁ" አለች።

"አትምጪ ነው እኮ የምልሽ።"

"እመጣለሁ፤ የምነግራቸው አለኝ።"

ኮምፒዩተሯን ተሸክማ ሄደች። ጋሼ በር የከፈቱላት በቤት ጫማና በሹራብ ሆነው ነው። ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱ ተበትኗል፤ በእርሳስ ያልተሰመረበት ገጽ የለም። እትዬ ሻይ ሊያፈሉ ወደ ኩሽና ገቡ፣ ግን የኩሽናውን በር አልዘጉም።

"ጋሼ፣ ስህተቱ የርስዎ አይደለም" አለች ገና ሳትቀመጥ። "የኔ ነው። ፋይል ማዛወሪያውን ሳፈጥን የቁልፎቹን ቅደም ተከተል ገለበጥኩት። የርስዎ ኮድ ልክ ነው።"

ጋሼ መጀመሪያ ያልሰሙ መሰሉ። ከዚያ ወረቀቱን አዩ፣ እሷን አዩ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ። ቆሞ እያለ በዓይኔ አይቼዋለሁ።"

ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ፈታ አለ፤ ለአፍታ ብቻ። "መቼ ነው ያየሽው?"

መብረቅ ይህን ጥያቄ በመንገድ ሁሉ ስትፈራው ነው የመጣችው።

"ሐሙስ።"

"ቅዳሜ ስደውልልሽ ታውቂ ነበር።"

"አዎ።"

ጋሼ ተነሥተው ወደ በረንዳው ወጡ። መብረቅ መቀመጥም መሄድም አቅቷት መሐል ሳሎን ቆመች፤ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። እትዬ ከኩሽና ብቅ ብለው አዩዋት። አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። "ሻይ ልሰጥሽ ነበር" አሉና ሻዩን ሳይሰጧት ተመለሱ።

ጋሼ ሲመለሱ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ።

"እስቲ ያሳዩኝ" አሉ።

መብረቅ ማንን ነው የሚያናግሩት ብላ ወደ ኩሽና ልትዞር ነበር። ከዚያ ገባት። ሥራ ካስተማሯት ቀን ጀምሮ "አንቺ" እና "ልጄ" ሲሏት ኖረው፣ አሁን እንደማያውቋት ባለጉዳይ "እርስዎ" አሏት። ስድብ ቢሰድቧት እንዲህ አያማትም ነበር። ኮምፒዩተሩን ከፍታ አሳየቻቸው።

ጋሼ ቀስ ብለው አነበቡ። "ሐሳቡ መጥፎ አይደለም" አሉ። "ፈጥኖልዎታል። ግን እዚህ ላይ ኮዱ መሐል የጻፍኩት ማስታወሻ ነበር። ሁልጊዜ የላይኛው መጀመሪያ፣ ለማፍጠን ብላችሁ እንዳትገለብጡት የሚል። አላነበቡትም?"

አላነበብኩም ብትል ያልፍ ነበር። ጋሼ ራሳቸው እንዲያ እንድትል መንገድ የሰጧት መሰላት።

"አንብቤዋለሁ" አለች። "የድሮ ጥንቃቄ መሰለኝ። ካዲሱ ኮድ ጋር ስላልሄደ አጠፋሁት።"

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ያቺን ማስታወሻ የጻፍኳት እኔም አንዴ ገልብጬው፣ ብዙ ለፍቼ ካገኘሁት በኋላ ነው" አሉ። "እንግዲህ ያስተካክሉትና ይላኩልኝ። ሳላየው እንዳያስገቡት።"

በማግስቱ ስብሰባ ላይ መብረቅ ሁሉንም ተናገረች። ስህተቱን፣ ሐሙስን፣ ያጠፋችውን ማስታወሻ፣ አንድም አላስቀረችም። ስትጨርስ ሰው ሁሉ የቡና ስኒውን ያይ ነበር።

"ዋናው መገኘቱ ነው" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ጋሼ ሆስፒታሉ ፊት ይቅርታ ጠይቀዋል። ለሆስፒታሉ መነገር አለበት።"

"አሁን ደውለን ያኔ የነገርናችሁ ስህተት ነበር፣ ሌላ ሰው ነው እንበላቸው? እነሱ የሚፈልጉት እንዲሠራላቸው ነው። እሳቸው ደግሞ ጡረታ ወጥተዋል፣ ምን ይጎዳቸዋል? አንቺ ነሽ እዚህ የምትሠሪው።"

"እኔ እሄዳለሁ።"

"በራስሽ ስም እንጂ በመሥሪያ ቤቱ ስም እንዳይሆን።"

በራሷ ስም ሄደች። የራጅ ክፍሉ ኃላፊ ቆማ ምስል እያየች ነበር የሰማቻት፤ የተሰነጠቀ የጎድን አጥንት ነበር። መብረቅ ስትጨርስ ሴትዮዋ ምስሉን አወረደች።

"አንቺ ነሽ 'ገና ነው' ያልሽኝ?"

"እኔ ነኝ።"

"ሰውየው ጎንበስ ሲሉ አጠገባቸው ነበርሽ።"

"ነበርኩ።"

"እሺ" አለች ሴትዮዋ። "ስልካቸውን ስጪኝ፣ ልደውልላቸው።" መብረቅ ቁጥሩን ሰጠቻትና ወጣች።

ማስተካከያውን መብረቅ ጽፋ ለጋሼ ላከች። መለሱላት። እንደገና ጽፋ ላከች። እንደገና መለሱላት፤ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ብቻ አይበቃም፣ ወደፊት ማንም ቢገለብጠው በሙከራ ጊዜ ራሱ ኮዱ አቁሞ የሚናገር ይሁን አሉ። እንደ ጥንቱ አልፈጠነችም። እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብላ እያነበበች ጻፈችው። በመጨረሻ ደወሉላትና "አሁን ልክ ነው፣ ማስገባት ይችላሉ" አሏት። "አመሰግናለሁ ጋሼ" አለች። "እኔም አመሰግናለሁ" አሉና ዘጉት። ኮሌጁ በሳቸው ቦታ ሌላ ሰው ቀጥሮ ትምህርት ተጀምሯል። እትዬ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደውለው "ኧረ ጠፋሽ" ብለዋታል፤ ይሄም እንደ ይቅርታ ይቆጠር አይቆጠር መብረቅ አታውቅም።

የራጅ ክፍሉ ኮምፒዩተሮች ከዚያ ወዲህ ቆመው አያውቁም። በመሥሪያ ቤቱ ግን ስም የሚባል ነገር አንዴ ከወጣ አይመለስም። ሁለት ሥራዎች ተፋጠው ኮምፒዩተር ቀጥ ባለ ቁጥር፣ የትኛውም ክፍል ይሁን፣ ሠራተኛው "የጋሼ ቁልፍ ገጠመን" ይላል። ስብሰባው ላይ ያልነበሩት፣ ጋሼን በዓይናቸው አይተው የማያውቁት እንኳ እንዲያ ይላሉ።

መብረቅ በሰማች ቁጥር ካለችበት ተነሥታ ትሄዳለች።

"የጋሼ አይደለም" ትላቸዋለች። "የኔ ነበር። እኔ ነኝ የገለበጥኩት።"

እነሱም ፈገግ ብለው እርስ በርስ ይተያያሉ። ስትሄድ ደግሞ፣ ገና እየሰማች፣ "አየሃት? ለአስተማሪዋ ስትል እኮ ነው በራሷ ላይ የምትወስደው። እንዲህ ዓይነት ሰው የት ይገኛል?" ይባባላሉ።